እየረዘመ ያለው ሽቦ

ለውድ ወንድሜ ሀይረዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርማችኋል? አባባ ሳሉ ለቀቃቸው? እማዬስ ዓይኗን እንዴት አደረጋት? ላሚቷ በሰላም ወለደች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጤናዬን ማለቴ ነው እንጂ ንዴቱስ ሊገድለኝ ነው።

ሳሪስ አቦ ያገራችን ልጅ የከውሲ ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገብቼ ነው ጉድህን የሰማሁት። ከአገር መመለሱ ነበርና ሰላምታህን አድርሶ ሲያበቃ ያሞግስህ ጀመር። ለፍየሎቹ አጥር ብዬ የላክሁልህን ሽቦ አልታጠፍ ቢልህ ምድጃ ውስጥ ከትተህ ፍም እስኪመስል አግለኸዋል። ሲቀዘቅዝ እንደ ልብህ ሆነልህና የውሃ ጉድጓዱን ባልዲ አሰርክበት። ይባስ ብሎ ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ ስለሄደ “በረካ ያለው ሽቦ ነው” ትላለህ አሉ። ከአረፋ በኋላ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ጭቃውን እንዲጠርጉ አባባን በእሱ አስረህ ልታወርዳቸው ነው። እሳቸው ቀላል ናቸው፣ አንተ ከላይ ትይዛለህ። ምን ልበልህ?

ደውዬ ነገርኩህ፤ “እሺ” ብለህ ዘጋኸው። ያንተን እሺ ስለማውቀው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።

ስማኝ፣ እኔ እዚህ ፋብሪካ የምውለው ሽቦ ስጎትት ነው። ወፍራሙን ብረት እሳት ሳይነካው በጠባብ ቀዳዳ እናሳልፈዋለን፤ ከዚያም በባሰ ጠባብ። ኢንጂነር ዘካሪያስ አንዴ ተቆርጦ የተወለወለ ሽቦ በማይክሮስኮፕ አሳይቶኛል። ብረት ለካ ውስጡ ፍሬ ፍሬ ነው። ሳይጎተት እንደ በቆሎ ፍሬ ድብልብል ብሎ ተጠጋግቶ ይታያል፤ ሲጎተት ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተለጥጦ እንደ ቃጫ ይሆናል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚያ መጨናነቅ ነው፤ አልታጠፍም ያለህም ለዚሁ ነው። እሳት ሲያገኘው ቃጫው ይጠፋና ድብልብሉ ፍሬ እንደ አዲስ ይበቅላል። ይለሰልሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። እኛ የለፋንበትን አንተ በአንድ ማገዶ ጨረስከው።

ረዘመ የምትለውም ባልዲው እየሳበው ነው። በረዘመ ቁጥር ይቀጥናል፤ እስቲ በጣትህ ዳብሰው። በረካ አይደለም ሀይረዲን፣ እየተበጠሰ ነው። ባታቃጥለውም ኖሮ ሰው የሚንጠለጠልበት ነገር አልነበረም።

ራሴ እንዳልመጣ አለቃዬ ማሽኑን የሚይዝልሽ የለም ብሎ ፈቃድ ከለከለኝ። ስለዚህ ለአረፋ በሚመጣው በከውሲ እጅ ወፍራም ገመድ ልኬያለሁ። ገመዱን የሚሰጥህ ሽቦውን ዓይኑ እያየ ስትቆራርጠው ነው፤ አስምዬዋለሁ። ብታኮርፈኝም ግድ የለኝም።

ሚስትህን ሐጀራን ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤም ለእማዬ እሷ ታንብብላት፣ አንተ እየዘለልክ ነው የምታነበው። ትንሿን ሰሀርን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬን ዱዓሽ አይለየኝ በልልኝ። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። እሳቸውን ሽቦው አያስተማምንም ብላቸው ይስቁብኛል እንጂ አይሰሙኝም፤ አንተ ውረዱ ካልካቸው ይወርዳሉ። አንተን የምለምንህ ለዚህ ነው።

እህትህ ናዕማ
አቃቂ በሰቃ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.