ሁለቴ የዞረችው የጥቅስ ሳጥን

ለውድ ወንድሜ ለቶርላይቭ፣

መርከብህ በደረሰበት ባሕር ሁሉ ሰላምህ ይብዛልኝ። እኛ ከበረዶውና ከጉንፋኑ በቀር ደህና ነን፤ ጌታ ይመስገን።

አዲሱን ዓመት በጸሎት ቤታችን ተቀበልን። አባባ እንደ ወትሮው "አይዟችሁ፣ እዚህ ያደረሰን ጌታ ከዚህም አይጥለንም" ብለው ሰበኩ። ከዚያ የጥቅስ ሳጥኗ ከእጅ ወደ እጅ ዞረችና ለዓመቱ የሚሆነንን በወረቀት የተጠቀለለ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አንዳንድ አወጣን። ጎረቤታችን ቦርግሂል "ታገሡ" የሚል ደረሳት። "ዘንድሮም?" ብላ ፊቷን አጨማደደች።

መዝሙር ተዘምሮ ካፖርታችንን ስንለብስ አባባ እንደገና ተነሡና "አይዟችሁ" ብለው ያንኑ ስብከት ከሥሩ ጀመሩት። ሳጥኗንም መልሰው አዞሯት። ሁሉም ካፖርቱን አውልቆ ተቀመጠ። ቦርግሂል አሁን "ደስ ይበላችሁ" የሚል ወጣላትና "ከዛሬ ጀምሮ ስብከት ሁለቴ ይሁን" አለች።

ስንወጣ አባባ በር ላይ ቆመው ሰዉን ሲሰናበቱ የኔንም እጅ ጨበጡ።

"እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ከሩቅ ነው የመጣሽው? ለምሳ እኛ ጋ ጎራ በይ፤ ልጄ የበግ ጎድን ታውቅበታለች" አሉኝ።

ሄድኩ። እውነታቸውን ነው፣ ጎድኑ ይጣፍጣል። ከንጋት ጀምሮ እሳት ላይ ጥጄው ነበር።

ለፋሲካ ፈቃድ ካገኘህ ና። አባባ እንግዳ ይወዳሉ።

እስክንገናኝ ጌታ ከማዕበል ይሰውርህ።

የአባባ የምሳ እንግዳ፣
እህትህ ጉድቬይግ