አራተኛው ትንፋሽ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1975

ዛሬ ሦስት ሬዲዮ ጠገንኩ። አንዱ ውስጥ በረሮዎች ቀበሌ አቋቁመዋል። ሊቀመንበራቸውን ሳላስፈቅድ በተንኳቸው። (ይቺን መስመር ልሰርዛት ይሆን? ትቅር።)

ከሰዓት በኋላ ጤናዬ ሱቅ መጣች። አባቷ ጋ ሽማግሌ ልልክ ማሰቤን ነግራቸው ኖሯል። ምን አሉ ብላት ሳቋ አላስወራት አለ። “ሬዲዮ ጠጋኝ? እሱም ሥራ ሆነና!” አሉ አሉ። አይ ጋሼ ጎበና! ሠላሳ ዓመት የእንፋሎት ባቡር ስለነዱ የሌላው ሰው ሥራ ሁሉ ጨዋታ ይመስላቸዋል።

እሺ። ባቡር እሠራላቸዋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ከወተት ጣሳ የሠራኋትን ባቡር ይዤ ሄድኩ። ሞተሯ ከተሰበረ ቴፕ የወጣ፣ ጉልበቷ ሁለት የባትሪ ድንጋይ። ጠረጴዛቸው ላይ በዘረጋሁት ሐዲድ አምራ ዞረች። “የታለች?” አሉ እሳቸው። ዓይናቸውን ሞራ እንደጋረደው ጤናዬ ነግራኝ ነበር። እንዴት ረሳሁት? ደደብ!

በጣታቸው ዳበሷት። ጭስ መውጫዋን፣ ጎማዋን።

“አንተ ጉርባ፣ መልኳስ ደህና ነው። ግን ዲዳ ናት። እሷ ሳትናገር ሽማግሌ እንዳትልክ።”

ቀልድ ነው? ፊታቸው አይቀልድም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23

ድምፁን ካሴት ላይ ቀዳሁት። የእንፋሎት ባቡር ከየት ይምጣ? በአፌ ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘርፉ በመስኮት፣ “ፈይሳ፣ አስም ያዘህ እንዴ?”

ጋሼ ጎበና ቤት ባቡሯ መታጠፊያው ላይ ቀጥ አለች። ካሴቱ ግን ቹፍ ቹፍ ቹፍ...

“ቆማ ነው የምትለፈልፈው? እንደ ቀበሌ ስብሰባ?”

ጤናዬ ሮጣ በሩን ዘጋች።

ቢሆንም ልክ ናቸው። ድምፁ ከጎማው ነው መውጣት ያለበት። ጎማው ሲፈጥን የሚፈጥን፣ ሲቆም የሚቆም።

አርብ፣ ጥቅምት 26

ጎማው ላይ ሁለት ጉጥ በየድኩ። ሲዞር ጉጦቹ ብርጭቆ ወረቀት የለጠፍኩባትን ስንጥር ይፈትጋሉ፤ ጣሳው ያስተጋባል። ቹፍ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

ጋሼ ጎበና አንድ ዙር ሰሙና፣ “ግማሹን ትንፋሽ ማን በላው?”

ለካ እውነተኛዋ ባቡር ጎማዋ አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ነው የምትተነፍሰው። ሁለት ከቀኝ፣ ሁለት ከግራ። “በዚህ ትንፋሽ እንኳን ሞጆ፣ ገበያም አትደርስ” አሉኝ።

እኔ ከየት አውቄ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

አራት ጉጥ። ቤት መቶ ጊዜ ሞከርኳት፣ መቶ ጊዜ አራት! በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። በራቸው ላይ ስደርስ ጋሪ ገጨኝና ከእጄ ወደቀች። ኳ! ብገልጣት አራተኛው ጉጥ ተጣሟል። ልመለስ? ጤናዬ በሩን ከፍታ አየችኝ። አለቀልኝ።

አስነሳኋት። ቹፍ፣ ቹፍ፣ ቹፍ... ኽስ። ቹፍ፣ ቹፍ፣ ቹፍ... ኽስ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አስተካክላ...”

“ዝም በል!”

ቀኝ እጃቸው ከፍ አለና የሌለ የፊሽካ ገመድ ሳበ። እንባቸው ወረደ። ለካ ይነዷት የነበረችው ባቡር አራተኛው ላይ ሁልጊዜ እንፋሎት ታፈስ ነበር። ሦስት ጊዜ ጋራዥ ገብታ አልዳነችም።

“የኔዋ ናት እኮ። ማን ነገረህ?”

ጋሪው ነው ልል ነበር። ዋጥኩት። ዋሸሁ ማለት ነው? ብቻ፣ ሽማግሌ ላክ ብለውኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ሽማግሌዎቼ፣ አቶ መርዳሳና ሐጂ አብዱልመናን፣ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ጋሼ ጎበና፣ “ደግ፣ ቁሙና ቁጠሩ!” ብለው ባቡሯን አስነሷት። ሁለት የተከበሩ ሰዎች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲሉ... እኔ ደጅ ሆኜ ሳቄን አፈንኩ። አቶ መርዳሳ፣ “አራተኛው ትንሽ ታሟል። ልጁ ይጠግነው” አሉ።

“ማንም አይነካትም! ተቀመጡ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ።”

ጤናዬ ከጓዳ እልል አለች። ለራሷ እልል የምትል ሙሽራ!

ሁሉም ሲወጡ ስለ ጋሪው ልናዘዝ ጋሼ ጎበናን ቀረብኳቸው። ከአፌ ሳይወጣ በጆሮዬ፣

“ያን የጋሪ ነጂ ካገኘኸው አመስግንልኝ። አወዳደቋን ሰምቻለሁ።”

“እሺ፣ አባባ” አልኳቸው። አባባ ስላቸው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።