ለፈረስ የተነገረ ምስጢር

ግሌንፋራን፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1858

ለምወድሽ ልጄ ለኢሶቤል፤ ማልታ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሕፃኑስ ይጠባልሻል? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ግን እንደ ልማዱ አላባራም።

መገላገልሽን የሚያበስረው ደብዳቤሽ የደረሰን ቁርስ ላይ ሳለን ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባትሽ ማንኪያቸውን አስቀመጡና «ፈረሰኛ ያገባች ልጅ የለችኝም!» ብለው ገንፎውን ትተው ወጡ። ታውቂያቸው የለ፤ ዕድሜ ልካቸውን የንግሥቲቱን መድፎች ላዘዙ ሰው፣ ፈረሰኛ ማለት መድፍ ፊት እየተደነቀረ ተኩስ የሚያበላሽ ፍጥረት ነው። ደግሞም በአገር ምድሩ ፊት «ይህን ደጅ አትረግጥም» ብለው ምለዋል፤ ቃላቸውን ማጠፍ ሞት ሆኖባቸዋል። እኔ አለቀስኩ። ዳግመኛ ሳላይሽ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ።

እሳቸው ለካ የሄዱት ወደ ጋጣ ነው፤ ድሮ መድፍ ይጎትትላቸው ወደነበረው ሽማግሌ ፈረስ፣ ወደ ባሩድ። ምስጢራቸውን የሚያካፍሉት ለእሱ ብቻ ነው። ችግሩ፣ መድፍ ጆሯቸውን ከደፈነው ወዲህ ሹክሹክታቸው የጦር ሜዳ ትእዛዝ ሆኗል፤ ይህን የማያውቁት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ባሩድ!» አሉ፣ በእሳቸው ቤት በጆሮው መንሾካሾካቸው ነው። «ለማንም እንዳትናገር! ኢሶቤል ወንድ ወለደች! ላክላን ብላዋለች፣ በእኔ ስም! ናፍቃኛለች እኮ! ግን በምን አፌ ነይ ልበላት?»

ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ወደቀ። አትክልተኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጭሰኞች ሳይቀሩ ሰሙ።

ወራሽ ሲወለድ ኮረብታው ላይ እሳት ማንደድ የርስታችን ልማድ አይደል? በማግሥቱ ቤት የሚያህል እሳት ነደደ። አባትሽ የርስቱን አስተዳዳሪ አፋጠጡት።

«ማክሬይ! ምንድነው ያ እሳት?»

«አሮጌውን የአስታ ቁጥቋጦ እያቃጠልን ነው፣ ጌታዬ። ለበጎቹ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ዘንድሮ አስታው ራሱ ቸኩሎ ነው፣ ጌታዬ።»

አባትሽ ኮረብታውን አዩ፤ ማክሬይን አዩ። «አነዳደዱ ሥርዓት የለውም! ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እንኳ የሚያይ ጠፋ?» ብለው ወጡና እሳቱን ራሳቸው ያዝዙ ጀመር። ሰዉ «ለአስታው!» እያለ ውስኪውን አነሳ፤ እሳቸውም «ለአስታው!» ብለው ጨለጡና ጭሱ ዓይኔን ፈጀው አሉ። ጭሱ በወዲያ በኩል ነበር የሚሄደው።

የክፍልሽ ጭስ ማውጫም ተጠርጓል። ቁራ ጎጆ ሠርቶበት ነው ይላሉ አባትሽ።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ ገብተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ለማን ነው የምትጽፊው?»

ደንግጬ፣ «ለእህቴ ለማርጆሪ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ደግ» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው። «እንግዲያው ለማርጆሪ ንገሪያት፤ በሰኔ ባሕሩ ጸጥ ይላል። ሕፃኑን መርከቡ ላይ ነፋስ እንዳታስመታው። ያንንም ፈረሰኛ ይዛው ትምጣ፤ የባሩድን እግር በወጉ የሚያሽልን ሰው የለም።»

«እነግራታለሁ» አልኳቸው።

እንግዲህ ነይ፣ ልጄ። አክስትሽ ማርጆሪ እንደምታውቂው ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ አባትሽ ነበሩ።

እግዚአብሔር ባሕሩን ያርጋልሽ፤ ትንሹን ላክላንን አቅፌ ለመሳም ያብቃኝ።

እናትሽ ግሪዝል