የጣና አንጋፋዎች ዕድሜ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ሙቀት። ገበያ የለም። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ሦስት ጥንድ ጫማ ሸጥኩ።

አንዱዓለም ሱቄ ብቅ አለ። የቡድናችን የጣና ሰብሳቢ። ቡድኑ ዘንድሮ ሃያ ዓመት ሞላው፤ ድሮ የተጫወቱት ልጆች ከጎረቤት ሰፈር ሐበሾች ቡድን፣ ከሮዘተንቪል አንጋፋዎች ጋር ሊገጥሙ ነው። የካቲት 8፣ የቅበላ እሁድ። ቀኑን ማን እንደመረጠው አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲያ ጾም ነው፤ ሥጋ ከሌለ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ንቅንቅ አይልም።

"እትዬ ካሳነሽ፣ የድሮዎቹን ስም አውጪልን። ካንቺ ሌላ የሚያስታውስ የለም።"

አስታውሳለሁ እንጂ። ሃያ ዓመት ሙሉ መስመር ዳር ቆሜ የጮህኩት እኔ... አንድ ዋንጫ እንኳ ሳላይ። ሮዘተንቪሎች ስድስት አላቸው። አንድ ቀን ስናሸንፋቸው ሳላይ ልሞት ነው?

ሐሙስ፣ ጥር 14

ዝርዝሩን ጀመርኩ።

ደጉ። አጥቂ። ያኔ ሲሮጥ የሚደርስበት አልነበረም፤ ለሰው አቀብሎም አያውቅም። አሁን ሶዌቶ ውስጥ ሦስት ስፓዛ ሱቅ አለው። ትናንት ልምምድ ላይ የጫማውን ክር የሚያስርለት ሰው ፈለገ። ጎንበስ ቢል ሆዱ አያስደርሰውም።

ሙሉቀን። ተከላካይ። ኳሷ ብታልፍ ሰውየው አያልፍም። ስንቱን አንካሳ አድርጎ ሸኘ! አሁን ፓስተር ነው፣ ለታመመ እግር ይጸልያል። ራሱ ከሰበራቸው ቢጀምር ጥሩ ነበር።

ስዩም። ግብ ጠባቂ። ቴሌ።

ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በ2003፣ የፍጻሜው ጨዋታ፣ ከሮዘተንቪል ጋር ዜሮ ለዜሮ ነን፤ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ስዩም ግቡ ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል! ጓንቱን አውልቆ! ኳሷ በአጠገቡ ስትገባ "ቆይ፣ መልሼ ልደውል" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። በዚያው ቀን ቴሌ አልኩት። በሳምንቱ የሐበሻው ገበያ ጂፒ በሙሉ ቴሌ አለው። ሚስቱም እንደዚያው ነው የምትጠራው ይባላል።

ይበለው።

እሁድ፣ ጥር 17

ጉድ ፈላ።

ደንቡ ከአርባ ዓመት በላይ ይላል። ሮዘተንቪሎች "ወረቀት አሳዩ" አሉ። የኛ ጀግኖች የጥገኝነት ወረቀታቸውን አወጡ። ከአሥራ አራቱ አርባ የሞላው ሁለት ብቻ! ያኔ ሲገቡ አንድ ደላላ "ልጅ ነኝ ካላችሁ አይመልሷችሁም" ብሏቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ዕድሜውን ቆርጦ ተመዘገበ። ጢማም ሁሉ አሥራ ስድስት ነኝ አለ። ደጉ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በወረቀቱ ሠላሳ ስድስት። የተወለዱትም ሁሉም ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። ምን ዓይነት አዋላጅ ነበረች?

ሙሉቀን "ጌታ የሚያየው ልብን ነው" አለ።

"እኛ የምናየው ወረቀት ነው" አሉት ጋሽ ዮፍታሄ፣ የሮዘተንቪሉ ሰብሳቢ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ወረቀቱ ከዋሸ ካሳነሽ ትመስክር። የገዛ ቡድኗን ስትቦጭቅ ሃያ ዓመት ሰምተናታል፤ ለማንም አታዳላም። እሷ በማርያም ምላ አርባ አልፎታል ካለች እንቀበላለን።"

ሁሉም ተስማሙ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ? ቤት እስክገባ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ስዩም መጣ። የሚሸሸኝ ሰው፣ ዛሬ በራሱ እግር።

ከመላው ቡድን ወረቀቱ እውነት የሚናገረው የእሱ ብቻ ነው። ሲገባ አሥራ ስምንት ነኝ አለ፤ አሥራ ስምንት ነበር። አሁን ሠላሳ ስምንት። አይችልም ማለት ነው። ሌላ ግብ ጠባቂ ደግሞ የለንም፤ አንደኛው ደሴ ገብቷል፣ ሁለተኛው ወገቡ ሄዷል።

"እትዬ፣ አርባ ሁለት ነው በይልኝ።"

"በማርያም ምዬ?"

ጫማ እያነሳ ያስቀምጣል።

"ልጄን ኤፍራታን ትምህርት ቤት የአባትሽ ስም ማነው አሏት። ቴሌ አለች። እየቀለደች አይደለም እትዬ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እውነት መስሏት ነው። አንዴ ልቁም። እሷ እያየች አንድ ኳስ ባድን... ሌላ አልፈልግም።"

"ያን ቀን የደወለልህ ማን ነበር?"

ሰው ሞቶብኝ ነው እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። ቢያንስ እናቱ ታመው።

"ደንበኛ ነው። ዳቦ አለ ወይ ብሎ።"

ዳቦ! ዋንጫችን በዳቦ ሄደ!

"ሱቅ በከፈትኩ በአሥር ቀኔ ነው። ስልክ ቁጥሬን ወስዶ የደወለልኝ የመጀመሪያው ደንበኛ እሱ ነበር።"

ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር ለካ። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ትልቅ ሴት... ስም አውጥቼ በከተማ ሙሉ ነዛሁበት።

አልዋሽም ብዬ ሸኘሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

እህል አልወርድ አለኝ። በኳስ ምክንያት? አይ ካሳነሽ።

እሁድ፣ የካቲት 8

ከጨዋታው በፊት ሜዳው መሀል አቆሙኝ። አንድ በአንድ ጠሩ።

"ደጉ?"

"ሃምሳ አንድ፣ በማርያም።"

"እትዬ፣ አርባ አምስት ብትዪኝ ምን ነበረበት?" አለ ደጉ። ሕዝቡ ሳቀ።

"ሙሉቀን?"

"አርባ ዘጠኝ።"

"ስዩም?"

ወደ ዳር አየሁ። ኤፍራታ ከእናቷ ጋር ገመዱ ጋ ቆማለች።

"አርባ ሁለት።"

"በማርያም?" አሉ ጋሽ ዮፍታሄ።

"በማርያም።"

አንድም ሰው አልተጠራጠረም። ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ጨዋታው? ደጉ አንዴ ሮጠ፤ ለመተንፈስ ግቡ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኳሷ ሆዱን መታችውና ገባች። እንደ ድሮው እጁን ዘርግቶ ሊሮጥ ሞከረ፣ ተቀመጠ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሙሉቀን አንዱን ጠረበውና "ጌታ ይባርክህ" አለው። ፍጹም ቅጣት ምት! ፓስተር ሆኖም እግሩ አልተለወጠም።

ስዩም አዳነ። በቀኝ በኩል ተወርውሮ፣ በሁለት እጁ።

ሜዳው "ቴሌ! ቴሌ!" ብሎ ተነሳ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ "ስዩም!" አልኩ። የተከተለኝ የለም። አጠገቤ የቆመው ልጅ "ስዩም ማነው?" አለኝ።

አንድ ለዜሮ። አሸነፍን። ሃያ ዓመት የጠበቅኳት ቀን... ሥጋውን ሳልቀምስ ታክሲ ያዝኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ትናንት ጾም ገባ። የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ፤ ነገርኳቸው።

"ለምን ማልሽ?"

"ግብ ጠባቂ አልነበረንም አባቴ።"

ሳል ይዟቸው ይሁን ሳቅ አላወቅኩም። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። "ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው። እስክትነግሪያቸው ድረስ በቀን አርባ ስግደት።"

ብናገር ድሉ ይሰረዛል። የስዩም ኳስም አብሮ።

ከሰዓት ስዩም ከኤፍራታ ጋር ሱቅ መጣ። ልጅቷ የአባቷን ጓንት አድርጋለች፤ እስከ ክንዷ ይደርሳል። መንገድ የሚያልፈው ሁሉ "ቴሌ! ቴሌ!" ይለዋል። "ስዩም ነው ስሙ!" አልኩ አንዱን።

"ተይው እትዬ" አለ ስዩም፣ እየሳቀ። "አሁን እኮ ደስ ይለኛል።"

ደስ ይለዋል! ለዚህ ነው በማርያም በውሸት የማልኩት? ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ኤፍራታ በጓንቱ እጄን ያዘችና "የቴሌ ልጅ ነኝ" አለችኝ፣ እንዳላውቃት ሁሉ። ስድቡ ጠፋኝ። ጫማ መረጥኩላት፤ ቀይ።

አልናገርም። ወስኛለሁ። የዛሬውን አርባ ሰገድኩ።

ማታ ሲሆን ጋሽ ዮፍታሄ ደወሉ። ሁለት ነጋዴዎች በሱቅ ድርሻ ተጣልተዋል፤ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ አንድ የሚታመን ምስክር ጎድሏል። "ካሳነሽ፣ ላንቺ ቃል ሁለቱም እሺ ብለዋል። እሁድ ነይልን።"

ጉልበቴን አሞኛል፣ አልመጣም አልኳቸው።

እሱ እንኳ እውነት ነው።