በእማ ወንበር የተቀመጠው ሰው

ጥር 3

ቢሮው ዛሬ እንደ ወፍጮ ቤት ሲጮኽ ዋለ። ጠቅላላ ጉባኤው ደርሷል። የክልላችን ወግ አጥባቂዎች ኅብረት ለአባላቱ በሚያድለው መጽሔት ላይ የአመራሮቹ የሕይወት ታሪክ ይወጣል። መጻፉ የኔ ሥራ ነው።

ሊቀመንበሩን አናገርኳቸው። ዳኛ ነበሩ፣ አሁንም «ዳኛው» ነው የምንላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ አድማጭ አጥተው ነው መሰለኝ፣ ከልጅነታቸው ተነሥተው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበሩ። ገንዘብ ያዡ ፋርማሲስት ደግሞ የተገላቢጦሽ… «ተወለድኩ፣ ተማርኩ፣ መድኃኒት ሸጥኩ፣ በቃ።» ከሱ ምን ይወጣል?

ዳኛውን እወዳቸዋለሁ። «ቤት ከጸና አገር ይጸናል» ሲሉ ሁልጊዜ እማ ናት የምትታየኝ። እዚህ የገባሁትም ለዚህ ነው።

ነገ እትዬ። ለምክትል ሊቀመንበርነት የታጨችው የገዛ እህቴ። ምን እጠይቃታለሁ? ታሪኳ ታሪኬ አይደል?

ጥር 4

የምትመራው ትምህርት ቤት ሄድኩ። እትዬ ጠረጴዛዋ ላይ አቧራ እንኳ ተሰልፎ ነው የሚቀመጠው።

«ስለ አባባ ምን ልጻፍ?» አልኳት እየሳቅኩ።

አልሳቀችም።

አባታችን ጥሎን የሄደው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ሌላ ትዳር መሥርቶ። እትዬ ያኔ ነፍስ አውቃለች፣ ታስታውሰዋለች። እኔ መልኩንም አላውቀው። እማ ናት ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ እያጠበች ለዚህ ያበቃችን። ያ የእጇ ቆዳ… በረኪና የበላው።

«አጭር አድርጊው» አለችኝ።

«አጭር ይሆናል። ግን እውነቱን።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማብዛት ትወጃለሽ!»

ማታውን ጻፍኩት። «በእናቷ ላብ ያደገች» ብዬ። ከሁሉም እሱ አማረልኝ።

ጥር 9

መጽሔቱ ታትሞ መጣ። ቀለሙ ገና ይሸታል። የእትዬን ገጽ ገለጥኩ… «ሥርዓትን ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጣ የተማረች።»

እማ የለችም። አንድ ቃል እንኳ።

ለእትዬ ደወልኩላት። «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችው።

ጥር 10

አላነሳችም።

ጥር 11

እማ ጋ ሄድኩ። እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ… ለካ ታውቃለች!

«ነግራኛለች» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ምን አልሻት?»

«ምን እላለሁ? ልጄ ከፍ ትበልልኝ። እኔ እንደሆንኩ መድረክ ላይ ምን እሠራለሁ?»

«እማ፣ አጥፍተውሽ እኮ ነው።»

«ይኸው ቁጭ ብያለሁ። የት ጠፋሁ?»

ሳቀች። ሁለቱ ተማክረዋል። እኔ ብቻ ነኝ ከውጭ የቀረሁት።

ጥር 15

ጉባኤው ዛሬ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እትዬ ተመረጠች። ጭብጨባው ሳይበርድ ዳኛው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ይህቺን ልጅ ቀርጸው ያሳደጉልን አባት ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ!»

ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነሣ። አዲስ ኮት፣ እጅጌው የረዘመበት። እትዬ ወርዳ ጉልበቱን ሳመች። ሰው በእንባ አጨበጨበ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ።

በኋላ መተላለፊያው ላይ ተገጣጠምን። አየኝ። ፈገግ አለ።

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

እትዬ አጠገቡ ናት። አየኋት። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ምናለ? አንድ ቃል ነው። «እህቴ» ማለት ነው።

«ጽሑፍ የምትሠራልን ልጅ ናት» አለች።

«ጎበዝ!» አለኝ አባቴ።

ጥር 16

ለእማ ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እሱ ነበር?»

«ማን ነገረሽ?»

«ጎረቤቶች ፎቶውን አሳዩኝ። ወፍሯል።»

ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠችው። «እኔን ደብቂኝ አልኩ እንጂ፣ በኔ ወንበር እሱን አስቀምጪው አልኩ?»

ቢላዋውን አንሥቼ የቀረውን ሽንኩርት ላጥኩ።

ጥር 17

ዳኛው ጋ ገባሁ። ቢያውቁ ያፍራሉ ብዬ! ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እንደ ችሎት አዳመጡኝ።

«የጻፍሽውን የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አባትሽንም አፈላልገን ያመጣናቸው እኛ ነን። ልጄ፣ የክልሉ ምርጫ ደርሷል። ሕዝብ ሙሉ ቤት ማየት ይወዳል።»

«እትዬስ?»

«መጀመሪያ አልቅሳ ነበር። ኋላ ገባት።»

«ጋሼ፣ የኛ ቤት ሙሉ ነበር እኮ» አልኳቸው። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ። ማልቀሷን ባልነገሩኝ ይሻለኝ ነበር። አልቅሳም አደረገችው ማለት ነው።

የካቲት 6

ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ዕቃዬን ጠቅልዬ እማ ጋ ገብቻለሁ።

ዛሬ እትዬ መጣች። ከጉባኤው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሹፌሩ ውጭ ቀረ። በሩን የከፈተችው እማ ናት።

«ይግቡ» አለቻት። «ይቀመጡ።»

እትዬ የቀለደች መስሏት ሳቀች። «እማ ደግሞ!»

«ምን ላምጣልዎት? ውሃ ይጠጣሉ?»

ያኔ ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ። «እማዬ፣ ኧረ በናትሽ… እኔ እኮ ነኝ። አንቺ በይኝ። ስደቢኝ፣ ግን አንቺ በይኝ!»

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት» አለች እማ። ቁጣ የለ፣ ምጸት የለ። ለባዕድ ሰው እንደሚባለው።

እትዬ ወደኔ ዞረች። አማልጂኝ ነው። ልጅ ሳለን እማ ስትቆጣት መሀል የምገባው እኔ ነበርኩ። ግድግዳውን አየሁ።

ውሃውን ሳትነካው ተነሣች። እማ እስከ በሩ ሸኘቻት። «በደህና ይግቡ።»

በሩ እንደተዘጋ ግን እማ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። «ቀጭን ነገር ለብሳ… ይበርዳታል» አለች። ሹራቧን አውልቃ ዘረጋችልኝ። «ሮጠሽ ስጫት።»

ድሮ ቢሆን ጫማ ሳላደርግ ነበር የምሮጠው።

አልተነሣሁም። እማም ደግማ አልጠየቀችኝም። መኪናው ሲነሣ ሰማነው።