ዳኛዋ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ገባች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

በዚህ ቤት መብቴ ተረግጧል። ዛሬም ዳኛዋ ጫማዬን አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ ደርድራዋለች። ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ የገዛ ጫማዬ «ውጣ» ይለኛል። ለእህቴ አቤት አልኩ። «ልጄ ልክ ናት፤ ጠማማው አንተ ነህ» አለች። ይግባኝም የለም። የእህቴን ልጅ «ዳኛዋ» ያልኳት ያለ ምክንያት አይደለም... ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ኦቲዝም አለባት፣ አንዴ ያየችውን አትረሳም፣ የፈረደችውንም አታጥፍም።

አንድ ነገር ረሳሁ። ዛሬ ሥራ ጀመረች። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ፣ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል። የአንድ ወር ሙከራ ነው። ካለፈች ቋሚ ውልና ደመወዝ። ካላለፈችስ? እስካሁን ሦስት ቦታ ሞክራለች። ሦስቱም «እንደውላለን» እንዳሉ ቀሩ። ትናንት ማታ እራት ላይ «ይሄም እንቢ ካለኝ ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም» አለች። የፈረደችውን አታጥፍም ብያለሁ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ተባረርኩ። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ቦታዋ አብሬያት ስውል ነበር። ሥራውን የምታለማምዳት ሴትዮ አለች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የምታስፈራ። ኮሪደር ላይ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ኃላፊው እሷን ሲጠይቃት የሚመልሰው ማነው?»

«እኔ።»

«ባለጉዳዩን እያሳቀ ሰልፉን የሚያስቆመውስ?»

«እሱም እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«ከነገ ጀምሮ አይምጡ።»

እረዳታለሁ ብዬ ለካ የእሷንም ድርሻ ጨምሬ ሳወራ ነበር። ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መምህሩም ተማሪውም ሰነፍ ነበሩ። ዝም ማለት የሚባለውን ትምህርት ሁለቱም ዘለሉት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሦስት ቀን ሙሉ አልሄድኩም። ለጻድቅ እንኳ ይከብዳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሄድኩ። ምን ላድርግ? ቤት ስትገባ «ሥራ እንዴት ነበር?» ስላት «ነበር» ብላ ታልፋለች። በዚህ ሰው ይጠግባል?

አለማማጇ ማክሰኞ ማክሰኞ አትመጣም። የእህቴን ባል ባርኔጣ አጠለቅኩ፣ ጥቁር መነጽር አደረግኩ፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ሰልፍ ያዝኩ። መስኮቱ ጋ ደረስኩ... ሰማያዊ ጋዋን ለብሳ፣ መታወቂያ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ። ከኋላዋ መደርደሪያው ሁሉ በመስመር በመስመሩ ተለይቷል። ሰው ሠራሽ ጥርስ እንኳ የተገኘበት ቀን ተጽፎ ታስሮበታል።

«ጃንጥላ ጠፍቶብኛል» አልኩ፣ ድምፄን አጎርንኜ።

«አጎቴ፣ አንተ ጃንጥላ የለህም።»

«በቅርቡ ገዝቼ ነው።»

«ቀለሙ?»

«ጥቁር።» መቼም ጥቁር ጃንጥላ አይጠፋም።

«ጥቁር አሥራ አንድ አለ። እጀታው?»

«እ... እንጨት።»

«በስንት ቁጥር አውቶቡስ? በስንት ሰዓት?»

«ልጄ፣ እንግዲህ በእኔ ዕድሜ...»

«አልተመሳከረም። አይሰጥም።»

መዝገቡ ላይ ጻፈች። ተገልብጦም ቢሆን ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ጠያቂው አጎቴ ነው። ጃንጥላ የለውም። ይዋሻል።» ሰልፈኛው በሳቅ ሞተ። ጥበቃው ክንዴን ይዞ «አባት፣ በዚህ በኩል» አለኝ። እስከ በሩ ድረስ እኔም ስስቅ ነበር። ውጭ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ኃላፊው በመስታወቱ ሁሉንም ሲያይ ነበር... ምን አደረግኩ? ልጅቷን በገዛ ቀልዴ ከሥራ አስወጣኋት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ኃላፊው ደወለ።

«ባለጃንጥላው እርስዎ ነዎት?»

ነኝ አልኩ። ይቅርታዬን ደረደርኩለት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷ አልጠራችኝም፣ እባክህ... እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ከእሷ በፊት የነበሩት ልጆች "ልጄ፣ የኔ እናት" እያለ ለተለማመጠ ሁሉ ያስረክቡ ነበር» አለ። «ትክክለኛው ባለቤት ሲመጣ ዕቃው የለም። ስድቡን የምጠጣው እኔ። ትልቅ ሰው ፊት ለፊት እንቢ ማለት ይከብዳላ። እሷ ግን የገዛ አጎቷን መለሰች።»

«እና... አልፋለች ማለት ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ውሉን ይዤላት ሄጄ ነበር። አልፈርምም አለችኝ።»

«ለምን?»

«ሙከራው አንድ ወር ነው ተብሏል፣ ገና አሥራ አራት ቀን ይቀረዋል ብላ።»

ስልኩን ዘግቼ ከወንበር ጋር ጨፈርኩ። እህቴ ገብታ አየችኝ። «አበድክ?» አለች። ነገርኳት። ወንበሩን ገፍታ ቦታውን ወሰደች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ፈረመች። መጀመሪያ ግን ሁለቴ አንብባ፣ ገጽ ሦስት ላይ የምሳ ሰዓት ስህተት አግኝታ አሳረመቻቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ቤቱ ጭር ብሏል። ብቻዋን ትሄዳለች፣ ብቻዋን ትመለሳለች። ትናንት እራት ላይ አንድ ወሬ ልጀምርላት ስል «አጎቴ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶብኝ ውሏል፤ ደክሞኛል። ቀልድህን ነገ ንገረኝ» አለችኝ። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ። ደስታዬን የት ላድርሰው? ሰዓቱን ሳይ ውዬ...

የበሩ ደወል ጮኸ። ማን ይሆን በዚህ ሰዓት?

አንድ የማላውቀው ሰው ነው፤ ልብሱን ተኩሶ ለብሷል። አጠገቡ ሴት ልጁ፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ይዛ የደወሉን ሽቦ በዓይኗ እየተከተለች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አውቶቡስ ጣቢያ ሥራ የያዘችው ልጅ ቤት ይሄ ነው? አለማማጇ ናት የጠቆመችን።»

«ነው፣ ነው። ግቡ። ሁሉንም እኔ አጫውታችኋለሁ። ነገሩ ምን መሰላችሁ...»

«አንተን አይደለም» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከሽቦው ሳታነሳ። «የምትሠራዋን ነው የምጠይቀው።»

ሳሎን አስቀመጥኳቸው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትገባለች አልኳቸው። ሌላ ምንም አላልኩም።