ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

ሐረር፣ ጀጎል
ጁምዓ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዓቢር፣
አርባ ምንጭ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጊደር መጋላ ገበያው የቅመም ነጋዴ ኢብራሂም ነው። ለዘመዱ ሠርግ ወደ እናንተ አገር እየመጣ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል ይሰጥሻል። ጥቅሉን አሁን አትፍቺው፤ መጀመሪያ አንብቢ።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ጣሪያውም ዘንድሮ አላፈሰሰም።

"ቱሪዝምና ውጤቶቹን ለተማሪዎቼ ላስተምር ነው፤ ከሰፈራችን ምሳሌ ላኪልኝ" ብለሽ ጽፈሻል። ከእኔ ምሳሌ የሚጠይቅ አስተማሪ በመኖሩ ገርሞኛል። እኔ ፊደል የለየሁት ኢብራሂም እርድና በርበሬ ከሚጠቀልልበት ወረቀት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ በጥቁር አዝሙድ ዙሪያ "የቱሪዝም ጥቅሞች" የሚል የመጽሐፍ ቅዳጅ ደርሶኝ ነበር። ስድስት ጥቅም ተዘርዝሯል። ጉዳቱ ያለበትን ገጽ የሌላ ሰው አብሽ ይዞት ሄደ። ስለዚህ ጉዳቱን ከወረቀት ሳይሆን ከቤቴ ነው የተማርኩት።

አስጎብኚ ነኝ የሚለው ሙሰዕብ ከሁለት ዓመት ወዲህ ፈረንጅ ወደ ቤታችን እንደሚያመጣ ነግሬሻለሁ። ያ አፍንጫውን ስጠርግለት ያደገው የጎረቤት ልጅ ዛሬ ጥቁር መነጽር ሳያደርግ ጥላ ውስጥ እንኳ አይገባም። ፈረንጆቹን ደግሞ አትጠይቂኝ። አንዱ ግድግዳውን አሸተተ። አንዱ የምንቀመጥበት መደብ፣ ነደባው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ፎቶ አነሳ። አንዲት አሮጊት "ደስተኛ ናት ወይ?" ብላ በሙሰዕብ በኩል አስጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት እሱ መልሶ ጨረሰ። ሴትየዋ ዕንባዋ መጣ። ምን እንዳላት እስከዛሬ አልነገረኝም።

አሁን ወደ ምሳሌው ልምጣ። ያለፈው ማክሰኞ መምህር ወልደሚካኤል የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ አርባ ሦስት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ይዞ መጣ። "የመስክ ትምህርት ነው፣ ወይዘሮ ነሲማ። ቤትዎ ለቱሪዝም ሕያው ማሳያ ነው" አለኝ። ሕያው ማሳያ መሆኔን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አወቅሁ። አርባ ሦስት ጥንድ ጫማ በሬ ላይ ተቆለለ፤ መንገደኛ ሁሉ ለቅሶ መስሎት "ማን ሞተ?" እያለ ይጠይቃል።

መምህሩ ለእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት አደለ። መሐሉ ላይ መስመር ተሰምሯል፤ በቀኝ "ጥቅም"፣ በግራ "ጉዳት"። የሰው ኑሮ እንዲህ በማስመሪያ የሚከፈል ቢሆን እኔም እስካሁን ጨርሼ ባስረከብኩት ነበር።

ሙሰዕብ ደግሞ ተማሪዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ይመስል ጀመረ። "ይህ ቀዩ ወለል... ይህ አሚሮች የተቀመጡበት..." ብሎ ብሎ ከበሩ በላይ ወዳለው መደርደሪያ ጠቆመ። "ይህ የምታዩት ጥቅል ምንጣፍ ሦስት መቶ ዓመት የሞላው ነው።"

አንቺ ዘጠነኛ ክፍል የገባሽ ዓመት ከጅግጅጋ በመጣ ዕቃ መሐል መርጬ የገዛሁት ምንጣፍ ነው። ጠርዙ ላይ የፋብሪካው ምልክት እስካሁን አለ።

ኋላ የቆመች ሀያት የምትባል ተማሪ ሳቋ አመለጣት። "አንተ! የኛም ቤት አለኮ! ታላቅ እህቴ ሳታገባ ተሰቅሎ ነበር።"

"ዝም ብለሽ ስሚ" አላት ሙሰዕብ።

"ምኑን ልስማ? ውሸቱን?"

ሁሉም ሳቀ። መምህሩ እጁን አንስቶ "ቆይ፣ ቆይ። ምን ማለት ነው? አስረጂን" አላት።

የአንቺ ተማሪዎች ስለማያውቁት ልጅቷ ያለችውን እንዳለ ልጻፈው፦ "ለትዳር የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት ከበሩ በላይ ምንጣፍ ጠቅሎ ያስቀምጣል። ሲገባ የሚያይ ሰው ሳይጠይቅ ያውቃል። ልጅቷ ስታገባ ይወርዳል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እናቴ፣ ልጅዎ የታለች?"

"አስተማሪ ናት፤ አርባ ምንጭ" አልኩ።

"አላገባችም ማለት ነው?" አለ መምህሩ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ። አርባ ሦስት እስክሪብቶም አብሮት ጠበቀ።

ዓቢር፣ መልሱን የማላውቅ እንዳይመስልሽ። ከረመዷን በፊት አንድ ቀን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ደወልኩልሽ። ስልኩን ወንድ አነሳው። "ዓቢር ፊቷን እየታጠበች ነው፤ ማን ልበል?" አለኝ፣ በትሕትና። እናቷ ነኝ ስለው ቶሎ ብሎ ራሱን አስተዋወቀ። "የሥራ ባልደረባዋ ነኝ። ባርኮት እባላለሁ።" የክርስቲያን ስሙን ስሰማ ለምን እንዳልነገርሽኝ ገባኝ። ባልደረባ በማለዳ ሳሙና ያቀብላል እንዴ አላልኩትም። ሰላም በልልኝ ብዬ ዘጋሁ። አንቺም መልሰሽ ስትደውዪ ስለ ፈተና እርማት አወራሽኝ፤ እኔም ስለ ፈተና እርማት ሰማሁሽ።

ያን ቀን ምንጣፉን ለማውረድ ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር። ሙሰዕብ እንግዶቹን ይዞ ከተፍ አለ። "ኧረ እናቴ፣ አያውርዱት! ፎቶው የሚያምረው በሱ ነው!" ወረድኩ። ደስ እያለኝ ነው የወረድኩት፤ ምክንያት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሙሉ ለራሴ "ለቱሪስቶቹ ነው" እላለሁ። ጎረቤታችን ሀቢባ ግን ቱሪስት አይደለችም። በሬ ላይ ቆማ ቀና ብላ አየች። አይታም ለእህቷ ልጅ ለአሚን አንቺን አሰበች። "ሽማግሌ የምንልከው በሚመጣው ጁምዓ ነው፣ ኢንሻአላህ" አለችኝ። ኢንሻአላህ አልኳት። ምላሴ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

እና በአርባ ሦስት ልጅ ፊት ምን ልበል? "ምንጣፉ ለቱሪስት ነው" አልኩ።

መምህሩ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፈነጠዘ። "አያችሁ? ባህሉ ትርጉሙን ሲያጣ! ትዕይንት ብቻ ሆኖ ሲቀር! ጻፉ፣ በግራ በኩል፣ በጉዳት ሥር!" አርባ ሁለት እስክሪብቶ ጫር ጫር አደረገ። አንዷ ብቻ አልጻፈችም።

"ሀያት፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"መምህር፣ ጉዳቱ በማን ላይ ነው? በምንጣፉ ነው በልጅቷ?"

"በባህሉ ላይ።"

"ባህሉ ማን ነው?"

"አትከራከሪ፤ ጻፊ" አላት። ጥያቄ ሲከብደው ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ዓይነት አስተማሪ ነው። አንቺ እንዲህ እንደማትሆኚ አምናለሁ።

ልጅቷ ስትወጣ ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ። "እናቴ፣ እህቴ ስታገባ እናታችን ምንጣፉን ያወረደች ቀን አለቀሰች። እኔ ግን በሩ ሰፋ ያለ መሰለኝ" አለችኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ የመጣው መምህር አንድ ነገር አላስተማረም፤ እሷ ጫማ እስክታስር አስተማረችኝ።

ፈረንጆቹን እየናቅሁ የኖርኩት በማይገባቸው ነገር ፊት ቆመው ስለሚያደንቁ ነበር። እኔ ደግሞ የሚገባኝን ነገር እንዳላየሁ ሆኜ ከነሱ ጀርባ ተሸሸግሁ። ማን ይናቅ እንግዲህ? ለተማሪዎችሽ ይህን በየትኛው ወገን እንደምታጽፊው አላውቅም። ዘጠኝ ወር መሸሸጊያ ሆነውኛልና በጥቅም ሥር ልታደርጊው ትችያለሽ። ሰባተኛ ይሆናል።

ረቡዕ ጠዋት ወንበሩ ላይ ወጣሁ። አቧራው ዐይኔን ሞላው፤ ዕንባው የአቧራው ነው። ከዚያ ሀቢባ ቤት ሄጄ "አሚን ሌላ ይፈልግ" አልኳት። "ልጅቷ ታጨች እንዴ?" አለች። "ምንጣፉን አውርጄዋለሁ" አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ትርሳው።

ትናንት ሙሰዕብ ስድስት ፈረንጅ አስከትሎ ገባና ቀና ሲል ክው አለ። "እናቴ! ምንጣፉስ? አሁን ምን ልበላቸው?"

"ልጅቷ አገባች በላቸው።"

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ በእንግሊዝኛው አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ሁሉም ባዶውን መደርደሪያ ፎቶ አነሱት። እኔን ግን አላነሱኝም፤ አንዷ እጄን ጨብጣ ሄደች።

የምጠይቅሽ ብዙ ነገር አለኝ። ስለ ኒካሕ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ወላጆቹ። በወረቀት አልጠይቅም፤ ክረምት ላይ ነደባው ላይ ተቀምጣችሁ ትመልሱልኛላችሁ። የሚቀመጥበትን ቦታ እኔ አሳየዋለሁ።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው። የፋብሪካውን ምልክት ቁረጪው፤ ሦስት መቶ ዓመት ሞላው ብሎ የሚያምን ሰው እናንተ ዘንድም አይጠፋም። ለሁለት ሰው ይበቃል።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ ዕውቀትሽን የሚጠቅም ያድርገው፣ ቤትሽን ያሙቀው። ለዚያ በማለዳ ስልክ ለሚያነሳው ባልደረባሽ ሰላምታዬ ይድረሰው።

ሙሰዕብ በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እውነት ተናግሮ አያውቅም። አደራሽን ልጄ፣ በትናንትናዋ ቃሉ እንኳ ውሸታም እንዳታደርጊው።

እናትሽ
ነሲማ